ስንቅ የሌለው ቼክና ስንቅ የሌለው የኮምፒዩተር መልስ

«ፈንክሽናል» የሚባለው የፕሮግራም አጻጻፍ ስህተት ከመዝገብ እንዳይሰወር የሚያደርገው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ጠዋት፣ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከመከፈቱ በፊት፣ ናይት ካፒታል በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ አንድ የኮምፒዩተር ሥርዓት ለሠራተኞች 97 የኤሌክትሮኒክ መልእክቶችን ላከ። መልእክቶቹ ትዕዛዝ በሚያስተላልፈው ፕሮግራም ላይ ስህተት መኖሩን የሚጠቁሙ ነበሩ። ይሁን እንጂ የማስጠንቀቂያ ደወል እንዲሆኑ ታስበው የተዘጋጁ ስላልነበሩ ጉዳዬ ብሎ አንብቦ እርምጃ የወሰደ ሰው አልተገኘም። ገበያው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ተከፈተ። ኮምፒዩተሩ 212 አነስተኛ የደንበኞች ትዕዛዞችን ለመፈጸም ሲሞክር በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግዢና ሽያጭ አካሄደ። ኩባንያው ሳያስበው ከገባበት ከዚህ ግብይት ለመውጣት ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ።

የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በኦክቶበር 2013 ይፋ ባደረገው ውሳኔ የነገሩን አመጣጥ ዘርዝሮታል። አዲሱ ፕሮግራም በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ሲገባው በሰባቱ ላይ ብቻ ተጭኖ አንደኛው ተዘንግቷል። በተዘነጋው ሰርቨር ላይ ለዓመታት ሥራ ያቆመ አሮጌ ፕሮግራም ተቀሰቀሰ፤ ትዕዛዙ መሟላቱን የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረውም ያለማቋረጥ ሲገዛና ሲሸጥ ቆየ። ሠራተኞቹ መፍትሔ መስሏቸው አዲሱን ፕሮግራም ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ ሲያነሱት አሮጌው በስምንቱም ላይ ተነሣ፤ ነገሩም ባሰበት። ኮሚሽኑ የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት የጣለ ሲሆን፣ ኩባንያው በዚያው በ2013 ጌትኮ ከተባለ ሌላ ኩባንያ ጋር ለመዋሃድ በቅቷል።

ከዚህ ታሪክ ለነጋዴው የሚቀረው ትምህርት ኮምፒዩተር ይሳሳታል የሚለው አይደለም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ትምህርቱ ስህተቱ አስቀድሞ ተነግሮ የነበረ መሆኑ ነው። መልእክቱ ነበረ፤ መልእክቱን ሳያይ ወደ ሥራው እንዳይገባ የሚገደድ ወገን ግን አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፣ ማንም በማይመለከተው ቦታ የተነገረ ስህተትም ከተደበቀ አይለይም።

በኮምፒዩተር ሙያ ውስጥ ይኸው ችግር በትንሹም በትልቁም ይታያል። ጥያቄውም እንዲህ የሚል ነው፦ መልስ የተቀበለው የፕሮግራም ክፍል መልሱ ደህና ይሁን ስህተት ሳያጣራ ሊጠቀምበት እንዳይችል አድርጎ መጻፍ ይቻላልን? «ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ» የተባለው የአጻጻፍ ስልት «አዎን፣ በአብዛኛው ይቻላል» የሚል መልስ አለው። ስልቱ ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ አልፎ በአክሲዮን ግብይት፣ በባንክና በስልክ ኩባንያዎች ውስጥ ገብቷል።

ሦስቱ የመደበቂያ ሥፍራዎች

ነገሩን ለመረዳት ቡና የሚልክ አንድ ድርጅት የሚጠቀምበትን ቀላል ፕሮግራም ማሰብ ይበቃል። ጸሐፊዋ የትዕዛዙን መጠን በኩንታል ትጽፋለች፤ ፕሮግራሙ የዕለቱን ዋጋ ከሰንጠረዥ ፈልጎ ያባዛል፤ የደንበኛውን ሒሳብ ያያል፤ በመጨረሻም ትዕዛዙን ያስተላልፋል። ከአራቱ ደረጃዎች በእያንዳንዱ ሥራው ሊሰናከል ይችላል። ጸሐፊዋ «120» በማለት ፈንታ «አንድ መቶ ሃያ» ብላ በፊደል ልትጽፍ ትችላለች፤ የዚያ የቡና ደረጃ ዋጋ በዕለቱ ሰንጠረዥ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ የባንኩ መስመር ሊቋረጥ ይችላል። በተለመደው አጻጻፍ እነዚህ ስህተቶች የሚሸሸጉባቸው ሥፍራዎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተቱን እውነተኛ ቁጥር አስመስሎ መመለስ ነው። ዋጋ ፈላጊው ክፍል ዋጋውን ሲያጣ «0» ወይም «ከዜሮ በታች 1» ብሎ ይመልሳል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው በልቡ «ዜሮ ማለት አልተገኘም ማለት ነው» ብሎ ተስማምቷል። ቀጥሎ ያለው የማባዣ ክፍል ግን ይህን ስምምነት አያውቅም። ለእርሱ ዜሮም ቁጥር ነው። 120 ኩንታል በ0 ብር ተባዝቶ ደረሰኝ ይታተማል፤ ኮምፒዩተሩም ሥራውን በሰላም የጨረሰ ይመስላል። ጉዱ የሚታወቀው በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ስህተት በዓለም ካስከፈለው ዋጋ ሁሉ የሚጠቀሰው የአውሮፓውያኑ አሪያን 5 ሮኬት ነው። ጁን 4 ቀን 1996 ከፈረንሣይ ጉያና ለመጀመሪያ ጊዜ የተተኮሰው ይህ ሮኬት 40 ሰከንድ ያህል እንደበረረ ተበታትኗል። ለቀድሞው አሪያን 4 ተጽፎ ወደ አዲሱ የተዛወረ የፕሮግራም ክፍል አንድን ትልቅ ቁጥር ከ32,767 በላይ በማይዝ ጠባብ ሥፍራ ውስጥ ለማስገባት ሲሞክር ተሰናከለ። ዋናውም ተጠባባቂውም መሣሪያ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ስለነበራቸው ሁለቱም በአንድነት ቆሙ። አሳዛኙ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የቆመው መሣሪያ የላከውን የብልሽት መግለጫ ዋናው ኮምፒዩተር እውነተኛ የበረራ መረጃ አድርጎ ወሰደው፤ በዚያም ተመርቶ ሮኬቱን በኃይል አጠማዘዘው። የብልሽቱ ዜናና እውነተኛው መረጃ በአንድ መንገድ፣ በአንድ መልክ ስለመጡ ተቀባዩ መለየት አልቻለም። አራት ሳተላይቶችም አብረው ጠፉ።

ሁለተኛው መደበቂያ «ነል» ወይም ባዶ የሚባለው ነው። ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ነገር ሲያጣ ባዶውን ይመልሳል። በብዙ ቋንቋዎች ዘንድ ባዶው የማንኛውንም ነገር ልብስ ለብሶ መቅረብ ይችላል፤ ደንበኛ በሚጠበቅበት ቦታ ደንበኛ፣ ሒሳብ በሚጠበቅበት ቦታ ሒሳብ ይመስላል። አንድ ሰው ሊጠቀምበት እጁን ሲዘረጋ ነው ፕሮግራሙ ወድቆ የሚሰበረው። ይህን ባዶ በ1965 አልጎል ደብሊው ለተባለ ቋንቋ የፈጠሩት እንግሊዛዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ቶኒ ሆር ሲሆኑ፣ በ2009 በለንደን በተካሄደ ጉባኤ ላይ ይህ ሥራቸው የቢሊዮን ዶላር ስህተት እንደነበረ በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል። ያስገቡትም ለመሥራት በጣም ቀላል ስለነበረ ብቻ መሆኑን አልሸሸጉም።

ሦስተኛው «ኤክሴፕሽን» ይባላል። እዚህ ላይ ስህተቱ አይሸፈንም፤ ይጮኻል። ችግሩ የሚጮኸው ለማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ሥራው የተሰናከለበት ክፍል ስህተቱን ወደ ላይ ይወረውራል፤ የቅርብ አለቃው ካልያዘው ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ማንም ካልያዘው ፕሮግራሙ በሙሉ ይቆማል። አንድ ሰው የዋጋ ፈላጊውን ክፍል የውል ቃል ቢያነብ «የቡናውን ደረጃ ስጠኝ፣ ዋጋውን በብር እመልሳለሁ» የሚል ብቻ ያገኛል። «ምናልባትም ስህተት እወረውራለሁ» የሚለው ሐረግ በብዙ ቋንቋዎች በውሉ ላይ አይጻፍም። ውሉ ላይ ያልሰፈረ ግዴታ ደግሞ ዕዳ ከሜዳ ማለት ነው።

መልሱን እንደ ቼክ መቁጠር

ነጋዴ ሁሉ ቼክና ጥሬ ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያውቃል። 50 ሺህ ብር የተጻፈበት ቼክ የተቀበለ ሰው ያንን ወረቀት ከካዝናው ጥሬ ብር ጋር ደምሮ አይቆጥረውም። ወደ ባንክ ይሄዳል። ከዚያ ወይ ብሩን ይቀበላል፣ ወይ «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ ይመለስለታል። ሁለቱም ሊሆኑ እንደሚችሉ አስቀድሞ ያውቃል፤ ለሁለቱም ይዘጋጃል።

ፈንክሽናል ቋንቋዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሊሰናከል የሚችል የፕሮግራም ክፍል «ብር» እመልሳለሁ ብሎ አይዋዋልም። «ብር ወይም ብሩ የታጣበትን ምክንያት የያዘ የታሸገ ፖስታ» እመልሳለሁ ብሎ ይዋዋላል። ፖስታውና ብሩ በቋንቋው ሕግ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው። ፖስታን በ120 ማባዛት አይቻልም፤ መክፈት ያስፈልጋል። የሚከፍተውም ክፍል «ብር ካገኘሁ ይህን አደርጋለሁ፤ ስህተት ካገኘሁ ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ሁለቱንም መንገድ መጻፍ ይጠበቅበታል። አንዱን ቢረሳ «ኮምፓይለሩ»፣ ማለትም የተጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ክፍል፣ ገና ሥራ ሳይጀመር ያስጠነቅቃል። እንደ ራስት ያለው ቋንቋ ደግሞ እስኪሟላ ድረስ ጨርሶ አይቀበለውም። ይኸውም ስህተቱ በገበያ ሰዓት ሳይሆን በቢሮ ውስጥ፣ ገንዘብ ሳይነካ ይገኛል ማለት ነው።

ፖስታው በየቋንቋው የተለያየ ስም አለው። ሃስክል በተባለውና ሕጉ በመጀመሪያ በ1990 በወጣው ቋንቋ «ሜይቢ» ማለትም «ምናልባት» ይባላል፤ ፈረንሣይ ውስጥ ተሠርቶ በ1996 በወጣው ኦካምል «ኦፕሽን» ይሰኛል። እነዚህ መልሱ መኖሩን ወይም አለመኖሩን ብቻ የሚናገሩ ናቸው። ምክንያቱ ጭምር ሲፈለግ «ሪዘልት» ወይም «ኢዘር» የሚባሉት ያገለግላሉ፤ በእነርሱ ውስጥ «የዚህ ደረጃ ዋጋ ዛሬ አልወጣም» ወይም «የባንኩ መስመር ተቋርጧል» የሚል ቃል ይጻፋል። ለነጋዴው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዋጋ ካልወጣ ነገን መጠበቅ ይገባል፤ መስመር ከተቋረጠ ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ መሞከር ይበቃል።

የዚህ አስተሳሰብ ሥር የሚገኘው በ1970ዎቹ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሮቢን ሚልነርና ባልደረቦቻቸው በሠሩት ኤምኤል በተባለ ቋንቋ ውስጥ ነው። ኦካምል የእርሱ ዘር ነው፤ ሃስክልም ብዙ ወርሶበታል።

«ፈንክሽናል» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ፕሮግራሙ እንደ ሒሳብ ቀመር ግብዓት ተቀብሎ ውጤት ከሚመልሱ ትንንሽ ክፍሎች ስለሚገነባ ነው። ንጹሕ የሚባለው ክፍል ከተሰጠው ግብዓት በቀር ሌላ ነገር አያይም፤ ከሚመልሰው ውጤት በቀርም ሌላ ነገር አይነካም። ዛሬም ነገም፣ በዚህኛውም ሰርቨር በዚያኛውም፣ ለአንድ ግብዓት አንድ መልስ ይሰጣል። ይህ ለኦዲተር ትልቅ ነገር ነው። ባለፈው ማክሰኞ የተበላሸ ትዕዛዝ ቢኖር የማክሰኞውን ግብዓት መልሶ በመስጠት ስህተቱን እንደነበረ ማየት ይቻላል።

ከኬላ ወደ ኬላ

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሣል። አራት ደረጃዎች ባሉት ሥራ ውስጥ በየደረጃው ፖስታ እየተከፈተ፣ እየተጣራ፣ እንደገና እየታሸገ መሄዱ አድካሚ አይደለምን? በእርግጥም ያደክማል። ፈንክሽናል ቋንቋዎች ይህን ድካም ለማቃለል ደረጃዎቹን የሚያያይዝ ዘዴ አበጅተዋል።

ዘዴው ዕቃ የጫነ መኪና ከኬላ ወደ ኬላ ከሚያልፍበት አሠራር ጋር ይመሳሰላል። መኪናው በመጀመሪያው ኬላ ካለፈ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ በሁለተኛው ካለፈ ወደ ሦስተኛው። በሁለተኛው ላይ ከተያዘ ግን ሦስተኛውና አራተኛው ኬላ መኪናውን አያዩትም። የት ኬላ ላይ፣ በምን ምክንያት እንደተያዘ የሚገልጽ ወረቀት ይዞ በመመለሻው መንገድ ይወጣል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው አራቱን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፤ የማለፉንና የመመለሱን ሥራ የማያያዣው ዘዴ ራሱ ያከናውነዋል። ዋጋ ካልተገኘ ማባዛት የለም፤ ሒሳብ ካልታየ ትዕዛዝ አይተላለፍም። በመጨረሻ ላይ የሚቀረው አንድ ፖስታ ብቻ ነው፤ በውስጡም ወይ የተፈጸመው ትዕዛዝ፣ ወይ የመጀመሪያው ስህተት ይገኛል።

ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ስህተት መቆም ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። ዲክላራሲዮን ያስገባ አስመጪ ይህን ያውቃል። ትራንዚተሩ ቅጹን ይዞ ይሄዳል፤ «የዕቃው ኮድ ተሳስቷል» ተብሎ ይመለሳል። አርሞ ሲሄድ «ክብደቱ አልተሞላም» ይባላል። ያንን ሞልቶ ሲሄድ «ፊርማ ይጎድላል» ይባላል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ቢነገሩት ኖሮ ሦስት ጊዜ ባልተመላለሰ ነበር። በፈንክሽናል አጻጻፍ ለዚህ ሁለተኛ ዘዴ አለ። አንዱ በሌላው ላይ የማይመሠረቱ ማጣሪያዎች ሁሉም እንዲሠሩ ተደርጎ የተገኙት ስህተቶች በአንድ ዝርዝር ይሰበሰባሉ። የትኛው ዘዴ የት እንደሚያገለግል መወሰን የባለሙያው ፈንታ ነው፦ ቅጽ ሲሞላ መሰብሰብ፣ ገንዘብ ሲንቀሳቀስ ግን በመጀመሪያው ስህተት መቆም ይሻላል።

በሥራ ላይ ያዋሉት

ስልቱን በገበያ ውስጥ ካዋሉት መካከል በስፋት የሚጠቀሰው በ2000 በኒውዮርክ የተቋቋመው ጄን ስትሪት የተባለ የግብይት ኩባንያ ነው። ኩባንያው የግብይት ሥርዓቱን በአብዛኛው የጻፈው በኦካምል ሲሆን፣ ኦካምልን ወደ ኩባንያው ያስገቡት ያሮን ሚንስኪ ዋነኛ መመሪያቸው መሆን የሌለበት ሁኔታ በፕሮግራሙ ውስጥ ጨርሶ ሊጻፍ እንዳይችል አድርጎ ዓይነቶችን መቅረጽ ነው። ለምሳሌ «የተፈጸመ ግን ዋጋ የሌለው ትዕዛዝ» የሚባል ነገር በገበያ ውስጥ ከሌለ፣ በፕሮግራሙም ውስጥ እንዲህ ያለውን መጻፍ የማይቻል መሆን አለበት። በብራዚል የተመሠረተው ኑባንክ ክሎጀር በተባለ ሌላ የፈንክሽናል ቋንቋ ይሠራል፤ በ2020ም ቋንቋውን የሚንከባከበውን ኩባንያ እስከመግዛት ደርሷል።

በስዊድን ኤሪክሰን የስልክ ኩባንያ ውስጥ በ1986 መሠራት የጀመረው ኤርላንግ የተባለ ቋንቋ ግን ሌላ መንገድ ተከትሏል። ጆ አርምስትሮንግና ባልደረቦቻቸው የተነሡት ሁሉንም ስህተት አስቀድሞ መዘርዘር አይቻልም ከሚል ሐሳብ ነው። በመሆኑም ፕሮግራሙን እርስ በርስ ንብረት በማይነካኩ እጅግ ብዙ ትንንሽ ሠራተኞች ይከፋፍሉታል። አንዱ ያልታሰበ ችግር ሲገጥመው ተፍጨርጭሮ የተበላሸ መልስ ከሚሰጥ እንዲሞት ይደረጋል። በላዩ የተሾመ ተቆጣጣሪ መሞቱን ሰምቶ በንጹሕ ሁኔታ አዲስ ይተካል። አንድ የስልክ ጥሪ ቢቋረጥ ሌሎቹ ሺዎች አይነኩም። ፌስቡክ በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት የተስማማበት ዋትስአፕ ያን ጊዜ ለ450 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች የሚያገለግለው ሥርዓቱ በኤርላንግ የተሠራ ነበር።

ሁለቱ መንገዶች የሚቃረኑ ቢመስሉም ሥራ የሚከፋፈሉ ናቸው። የደንበኛው ሒሳብ ማነስ፣ የዋጋ አለመገኘት፣ የቅጽ አለመሟላት የሚጠበቁ ስህተቶች ስለሆኑ በፖስታ መታሸግ አለባቸው። የማስታወሻ ብልሽት ወይም የፕሮግራመሩ የራሱ ስህተት ግን የማይጠበቅ ነው፤ እዚያ ላይ ሥራውን ማቆምና ከንጹሕ ሁኔታ መጀመር ይሻላል።

ከዚህም ሌላ ይህን ጥቅም ለማግኘት ቋንቋ መለወጥ የግድ አይደለም። ጃቫ በ2014 በወጣው ስምንተኛ ዕትሙ «ኦፕሽናል» የተባለውን ፖስታ አስገብቷል። ስዊፍት፣ ኮትሊንና ራስትም ሐሳቡን ይዘው የተነሡ ናቸው። ዛሬ በእጅ ስልኮች ላይ የሚሠሩ አያሌ ፕሮግራሞች የሚጻፉት በእነዚሁ ነው።

ማኅተሙ ሲቀደድ

ስልቱ ዋስትና እንጂ ተአምር አይደለም። ፖስታውን «እኔ ውስጡ ያለውን አውቃለሁ፣ ስህተት አይኖርበትም» ብሎ ሳያጣራ የሚቀድድ ትዕዛዝ በየቋንቋው አለ። በራስት «አንራፕ» ይባላል። ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያ ኖቬምበር 18 ቀን 2025 ያጋጠመው ይኸው ነበር። በመረጃ ቋቱ የመጠቀሚያ ፈቃድ ላይ በተደረገ ለውጥ ሳቢያ አንድ ፋይል ከልኩ እጥፍ ሆኖ ወጣ። ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም ከ200 በላይ ዝርዝር እንዳይቀበል ገደብ ነበረው፤ ገደቡ ሲታለፍም ስህተቱን በሥርዓት በፖስታ አሽጎ መልሷል። ተቀባዩ ክፍል ግን ፖስታውን በ«አንራፕ» ቀደደውና ፕሮግራሙ ወደቀ። በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ የኢንተርኔት ገጾች ለሰዓታት ተስተጓጎሉ። ቋንቋው ስህተቱን አልደበቀም፤ ሰው ነው አላይም ያለው።

ሁለተኛው ወሰን ፖስታው የሚለየው መልስን ከስህተት እንጂ ትክክለኛን መልስ ከተሳሳተ መልስ አለመሆኑ ነው። በብር መሆን የሚገባው ዋጋ በዶላር ቢጻፍ ፖስታው ውስጥ የሚገኘው «ደህና» የተባለ ቁጥር ነው። ብርና ዶላርን ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች አድርጎ ማወጅ ይህን ይከላከላል፤ ያንን ማወጅ ግን የሰው ሥራ ነው። የናይት ካፒታልም ችግር በዋናው አዲስ ፕሮግራም አጫጫን ላይ ስለነበር የቋንቋ ምርጫ ብቻውን ያድነው ነበር ማለት አይቻልም። ስምንት ሰርቨሮች አንድ ዓይነት ፕሮግራም መያዛቸው ሳይረጋገጥ ሥራ እንዳይጀመር የሚያግድ ሥርዓት ያስፈልገው ነበር።

ሦስተኛው ወጪ ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች የሠለጠነ ባለሙያ ከጃቫ ወይም ከፓይተን ባለሙያ ይልቅ ብርቅ ነው፤ ጀማሪው እስኪለምደው ጊዜ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ዕትምም ቶሎ አይደርስም። ቸኩሎ ለሚሸጥ አነስተኛ ሱቅ ይህ ወጪ ላይመለስ ይችላል። የሰው ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ ድርጅት ግን ሒሳቡ የተለየ ነው።

ገንዘብ አንቀሳቃሹ ምን ይጠይቅ?

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ገበያ ሩቅ አይደለም። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው እንደነበር ይታወሳል። ችግሩ ከውጭ የመጣ ጥቃት ሳይሆን በሥርዓት ጥገናና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ መሆኑ ተገልጿል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ግብይት የተካሄደ ሲሆን፣ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበርና አብዛኛው መመለሱን ባንኩ በኋላ አስታውቋል። የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ትዕዛዝ በኮምፒዩተር የሚያስተላልፍ ደላላና ገንዘቡን ለሥርዓቱ አደራ የሚሰጥ ባለሀብት ቁጥራቸው እያደገ እንደሚሄድ የሚጠበቅ ነው።

ባለሀብቱ ፕሮግራም መጻፍ አይጠበቅበትም። ሶፍትዌር የሚያቀርብለትን ድርጅት ግን ከመፈራረሙ በፊት አራት ነገሮችን ቢጠይቅ ራሱን ይጠቅማል። የመጀመሪያው፦ ዋጋ ወይም የሒሳብ መጠን ሲታጣ ሥርዓቱ ምን ይመልሳል? መልሱ «ዜሮ» ወይም «ባዶ» ከሆነ ውሉን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሁለተኛው፦ ሥርዓቱ ሒሳቡን ማጣራት ካልቻለ ትዕዛዙን ያሳልፋል ወይስ ያግዳል? ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ትክክለኛው መልስ «ያግዳል» የሚለው ነው። ሦስተኛው፦ የስህተት መግለጫው ለማን ይደርሳል፣ የደረሰውስ ሰው ሥራውን የማስቆም ሥልጣን አለው ወይ? የናይት ካፒታል 97 መልእክቶች ያጡት ይህንን ነበር። አራተኛው፦ ያለፈው ሳምንት ስህተት በዚያው ግብዓት ተደግሞ ሊታይ ይችላል ወይ? ይህን ማድረግ የማይችል አቅራቢ «አስተካክለነዋል» ቢል ማስረጃ የለውም።

እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ አቅራቢው ሃስክል ወይም ኦካምል ማወቅ የለበትም። በጃቫም በሌላም ቋንቋ ጠንቃቃ ባለሙያ ይመልሳቸዋል። ልዩነቱ የፈንክሽናል ቋንቋዎች ይህን ጥንቃቄ ከግለሰቡ ትጋት አውጥተው የቋንቋው ሕግ ማድረጋቸው ነው። ትጉህ ሰው በበዓል ማግስት ይደክመዋል፤ ሥራ ይለቃል፤ በሌላ ይተካል። ኮምፓይለሩ ግን ሁለቱን የፖስታ መንገዶች ያልጻፈውን ሁሉ፣ አዲስም ይሁን ነባር፣ በየቀኑ ይይዛል።

ስንቅ የሌለው ቼክ በዓለም ገበያ ሁሉ አለ፤ ንግድ ግን በእርሱ ምክንያት አልቆመም። ያልቆመውም ቼክ ሁሉ ስንቅ ስላለው ሳይሆን ባንክ ሳያየው እንደ ጥሬ ብር የሚቆጥረው ስለሌለ ነው። ለኮምፒዩተር መልስም የሚያስፈልገው ይኸው ልማድ ነው።